ሻሺቱን ያስረጃት መዝገብ

ሻሺቱ ኦይታ በአንድ ቀን ጠዋት፣ ከምሳ በፊት፣ አራት ዓመት አረጀች። ያስረጃት በሽታ አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም። ያስረጃት አንድ ጸሐፊ ነው፤ እሱም ቢሆን ፀሐዩ ከብዶት ቶሎ ወደ ጥላ መግባት ስለፈለገ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር በነበረ አንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሻሺቱ እዚያ ስትሠራ ዘጠነኛ ዓመቷን ልትደፍን ነበር። አፈር ትነፋለች፣ ፍግ ታደባልቃለች፣ ጥቁሩን የፕላስቲክ ከረጢት በአፈር ትሞላለች፣ መደብ ታጠጣለች። ከሁሉ በላይ ግን የግራርን ዘር ጠባይ የምታውቀው እሷ ናት። የግራር ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። በፍል ውኃ ካልተነከረ አይበቅልም፣ ውኃው ከበረታበት ደግሞ ተቀቅሎ ይቀራል። የተማሩት ኃላፊዎች ሰዓት እያዩ ይነክሩታል። ሻሺቱ ክርኗን ወደ እንፋሎቱ አስጠግታ ትንሽ ትቆይና "አሁን" ትላለች። እሷ "አሁን" ያለችው ዘር ይበቅላል።

ሌላም ነገር ነበር። የጣቢያው ሴቶች አብዛኞቹ ከዲታ ደጋ የወረዱ ጋሞዎች ናቸው። በደጋው የበኩር ቤት በኩር ባይራ ይባላል። ባይራ ሳይዘራ ሌላው አይዘራም፣ ባይራ ሳይቀምስ ሌላው እሸት አይነካም፣ ባይራ ባለበት ቀድሞ የሚሰለፍ የለም። በዕድሜ የሚበልጥ ሰው እንኳ ከታናሽ ቤት ከተወለደ ከባይራ በኋላ ነው ቦታው። ሻሺቱ የበኩር ቤት በኩር ናት። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ መደብ ሲዘራ፣ ማንም ሳያዛት፣ መጀመሪያ አውራ ጣቷን አፈር ውስጥ የምታስገባው እሷ ነበረች። ቀዳዳ ታበጃለች፣ ዘር ትጥላለች፣ ትደፍናለች። ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። ኃላፊዎቹ ይህን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም።

ያን ቀን ጸሐፊው ተክለጻድቅ ጠረጴዛውን ሜዳ ላይ አስወጥቶ የሠራተኞችን ዕድሜ መመዝገብ ጀመረ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሠላሳ አራት ሴቶች ተሰለፉ። ከፊት ሻሺቱ ቆመች፣ ከኋላዋ የአጎቷ ልጅ ዘሪቱ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አላት ተክለጻድቅ።

"አላውቅም።"

"መቼ ተወለድሽ?"

"ገብስ ሲታጨድ ነው ይላሉ።"

"የስንት ዓመተ ምሕረት ገብስ፣ እማማ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ተክለጻድቅ አልሳቀም። ሠላሳ አራቱን እንዲህ አንድ በአንድ ቢጠይቅ ማምሻው ነው። ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ትንሽ አሰበና፣ "እሺ፣ በዕድሜ ከሁላችሁ ታላቋ ማን ናት?" አለ።

ሠላሳ ሦስት እጅ ወደ ሻሺቱ ተቀሰረ።

ውሸት ለመናገር ፈልገው አይደለም። ባይራ ፊታቸው ቆማ ወደ ሌላ ሴት ጣት መቀሰር ከስድብ አይተናነስም። ዘሪቱም ቀሰረች። ዘሪቱ ሻሺቱን በአሥር ዓመት ትበልጣታለች። ጣሊያን ወደ ደጋው በወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ገደል ሲሸሽ፣ ዘሪቱ ጡት ያልጣለችውን ሻሺቱን አዝላ ሁለት ቀን ሙሉ ዋሻ ውስጥ ተቀምጣለች። ይህን ሁሌ ታወራዋለች፤ "ጀርባዬን ያራስሽኝ አንቺ ነሽ" እያለች ስትስቅባት ዘመናቸው አለፈ። ያን ቀን ግን አፏ አልታዘዘላትም። ሴቶቹ ለመጪው የሠራተኞች በዓል ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ይታደላል የሚል ወሬም ሰምተው ነበርና፣ ብርድ ልብስ ከመጣ ለባይራ ይገባል ብላ አሰበች።

ሻሺቱስ? ሻሺቱ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይገባም። ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆመች። የገዛ ራሷን ጉድጓድ ስታስቆፍር ቀና ብላ ነበር።

ተክለጻድቅ ፊቷን አየና "ሃምሳ ስድስት" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ታች መቁጠር ቀላል ሆነለት። ዘሪቱን ሃምሳ አራት፣ ቀጣይዋን ሃምሳ፣ ቀጣይዋን አርባ ስምንት እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሰ። ጠረጴዛውን ተሸክሞ ወደ ጥላው ገባ።

ብርድ ልብሱ አልመጣም። ግንቦት ሲያልቅ የመጣው ደብዳቤ ነው።

ሻሺቱ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ የምስክር ወረቀት ያገኘች ሴት ናት። ወረቀቱን ማንም ሳያነብላት በጣቷ እየተከተለች አየችው። የገዛ ስሟን አገኘች። "56" የሚለውን ቁጥር አገኘች። "ጡረታ" የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል አነበበችና ልቧ ትንሽ ረጋ። ቀጥሎ ያለውን ግን አስቴር አነበበችላት። አስቴር ከሴቶቹ ሁሉ ልጅ እግሯ ናት፣ በመካነ ኢየሱስ መዘምራን ውስጥ የምታገለግል።

"ዕድሜሽ ሃምሳ አምስት ስላለፈ ከሰኔ ሠላሳ ጀምሮ ተሰናብተሻል ይላል። አገልግሎትሽ አሥር ዓመት ስላልሞላ የወር ጡረታ የለሽም። ያዋጣሽው ይመለስልሻል ይላል።"

"አንድ ዓመት ነው የቀረኝ።"

"አዎ።"

"እና ያንን አንድ ዓመት ማን ወሰደው?"

አስቴር ወረቀቱን አጥፋ ሰጠቻት።

ሻሺቱ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልቀረላትም። የምትኖረው ሲቀላ ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ደጋ እንዳትመለስ መሬት ሲደለደል እዚያ አልነበረችም፤ የበኩር ቤት በኩር ብትሆንም ሴት ናት፣ የእንሰት ጓሮውን የወንድሞቿ ልጆች ይዘውታል። የአባቷን ቤት ክብር ሰው ሁሉ ያስታውስላታል፣ ከጓሮው አንድ እግር እንሰት የሚያስታውስላት ግን የለም። ያላት እጇ ነው። እጇን ደግሞ በጸሐፊ ብዕር ዘጉባት።

በማግሥቱ ወደ ጣቢያው ኃላፊ ገባች። ጓድ ባዘዘው ከኮሌጅ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሰሜን የመጣ፣ ክፉ ያልሆነ ልጅ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ በክፉ ሰው ላይ መጮህ ይቻላል።

"እናቴ፣ ደክመሻል። አሁን የማረፊያሽ ጊዜ ነው" አላት።

"ደከመኝ ብዬ ነገርኩህ?"

"አልነገርሽኝም። ግን ዕድሜ ዕድሜ ነው።"

"የኔ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ቁጠረው፣ አንተ ተምረሃል።"

"ማን ያውቃል ይህን?"

"ዘሪቱ። በዘሪቱ ጀርባ ላይ ነው የነበርኩት።"

ባዘዘው ፈገግ አለ። "ጀርባ ማኅተም የለውም፣ እናቴ። ሠላሳ ሦስት ሰው መስክሮብሽ አንቺም ዝም ብለሻል። መዝገቡ ደግሞ ወደ ላይ ተልኳል።"

"ተክለጻድቅ ለምን እንደሚጽፍ አልነገረንም።"

"ቢነግራችሁ ኖሮ ሁላችሁም ሠላሳ ዓመታችሁ ይሆን ነበር" አለ ባዘዘው፤ ቀልዱም ደስ አለው።

ሻሺቱ ወጣች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሥራዋን እንደ ወትሮው ሠራች። በአንድ እጇ ሁለት የውኃ ቆርቆሮ ይዛ ከወንዙ ስትወጣ ያያት ባዘዘው ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ የቀበሌው ጥሩምባ ተነፋ። የደን ተከላ ዘመቻ ነው። ከሴቻ ሰፈር በላይ ባለው ዳገት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ያልወጣ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርም ሳሙናም አያገኝም። ሻሺቱ ዳገቱ ሥር የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ካሱ ስም ሲጠራ ደረሰች።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ አርጅተሻል የሚል ደብዳቤ ከመንግሥት የደረሰኝ ሰው ነኝ" አለችው።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሃምሳ ስድስት ነው አሉ።"

"ታዲያ ሥልሳ አልሞላሽም። ዘመቻው ከሥልሳ በታች ላለ ሁሉ ነው። ዶማው እዚያ ጋ ነው።"

ልብ በሉ። ያው መንግሥት፣ ያው ዓመት፣ ያችው ሴት። ተቀምጣ አፈር ነፍታ ደመወዝ ለመቀበል አሮጊት ናት። ዳገት ወጥታ ድንጋይ ለመፈንቀል ደመወዝ እስከሌለው ድረስ ወጣት ናት። ይህን የሚያሰላ ሰው በሁለቱ ቢሮ መካከል አልነበረም፤ ቢኖርም አፉን አይከፍትም ነበር። የሚቆፈረው ጉድጓድ ደግሞ እሷ በእጇ ያበቀለችው ችግኝ የሚገባበት ነው።

ዘሪቱ አጠገቧ ቆፈረች። ዘሪቱ ቀጭን ናት፣ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ከበታቻቸው የዓባያ ሐይቅ በሙቀት ጭስ መስሎ ተኝቷል። እኩለ ቀን ላይ የሽፈራው ቅጠል የገባበትን የበቆሎ ኩርኩፋዋን፣ ድቡልቡሉን ቅቅል፣ ፈታ ለሻሺቱ አቀረበችላት፤ ሻሺቱ እስክትቀምስም ጠበቀች።

"ብዪ እንጂ" አለች ሻሺቱ። "ይኼ ነው ጉዴን ያፈላው።"

ዘሪቱ አልበላችም። "ሰኞ ባዘዘው ጋ እገባለሁ። በጀርባዬ ያዘልኳት እኔ ነኝ፣ ታላቋ እኔ ነኝ እለዋለሁ።"

"አትገቢም።"

"እገባለሁ።"

"ልጅሽ ዘካሪያስ ከግንባር ደብዳቤ ከላከ ስንት ጊዜው ነው? ሁለት ልጆቹን በምን ታበያቸዋለሽ? እኔ አንድ አፍ ነኝ።"

"እጄን አንቺ ላይ ቀሰርኩ እኮ" አለች ዘሪቱ። "ሌሎቹ በወሬ ነው የሰሙት። እኔ አውቃለሁ። አውቄ ቀሰርኩ።"

"ልማድ ነው የቀሰረሽ።"

"ልማድ ከሆነ ልማዱ ደመወዜን እየሰጠኝ አንቺን ያስርብሻል። እንቅልፍ የለኝም ሻሺቱ።"

ሻሺቱ በባይራ ድምፅ "አትገቢም ብያለሁ" አለቻት። ዘሪቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ድምፅ ሰምታ አልታዘዘችም።

ሰኞ ጠዋት ገባች። ሻሺቱ በር ላይ ደርሳባት ልትጎትታት ስትል ዘሪቱ ነገሩን ተናግራ ጨርሳለች። ባዘዘው የመዝገቡን ቅጂ አስመጣ። ተክለጻድቅ ገልጦ ያዘለት።

"እንግዲህ ሻሺቱ ሃምሳ ስድስት ሆና ተላልፋለች" አለ ባዘዘው። "አንቺ በስንት ትበልጫታለሽ?"

"በአሥር። ወይ በአሥራ አንድ።"

"ስለዚህ ሥልሳ ስድስት ነሽ ማለት ነው።"

ዘሪቱ አልገባትም። "እኔ ልጨምር አላልኩም። የእሷን ቀንሱ ነው ያልኩት።"

ተክለጻድቅ አቀርቅሮ ተናገረ። "መጨመር እኛ እንችላለን። መቀነስ ግን ከላይ ፈቃድ ይጠይቃል።"

ባዘዘው አንዴ ሻሺቱን፣ አንዴ ዘሪቱን አየ። አዝኖ ነበር፤ ሐዘኑ ግን እጁን አላስቆመውም። "በፊቴ መስክረሽ ሃምሳ አራት ነሽ ብዬ ባስቀምጥሽ እኔ ልጠየቅ ነው" አላት። የዘሪቱም ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን መጣ። መሰናበቻዋም ያው ሰኔ ሠላሳ ነው።

ሁለቱ አብረው ወጡ። በዚያ ቀን ሌሎቹ ሴቶች እስከ ኩልፎ ድልድይ ሸኟቸው። አስቴር፣ "እውነት የተናገረ ሰው እንዲህ ከተደረገ ምን እንበል?" አለች።

"ዝም በዪ" አለቻት ዘሪቱ። "የኔ እውነት ለማንም አልሆነችም።"

ሻሺቱ የመምህራን ልብስ ማጠብ ያዘች። ወገቧን አጥፋ ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ ላይ አንሶላ ትደበድባለች። ለዚህ ዕድሜዋን የጠየቃት የለም። ዘሪቱ ከላንቴ ሙዝ እያስመጣች መንገድ ዳር መሸጥ ሞከረች፤ ደረቷ ግን አላስሄዳት አለ። ትልቁ የዘካሪያስ ልጅ ለመስከረም ትምህርት ቤት እንደማይመለስ ተቆረጠ።

ሐምሌ ሲጋመስ የአዲሱ መደብ መዝሪያ ደረሰ። ባዘዘው ራሱ ሰዓት እያየ የግራሩን ዘር ነከረ። የተነከረ ዘር ደግሞ አይቆይም፤ በማግሥቱ ካልተዘራ ይገማል። በማግሥቱ ሠላሳ ሁለቱ ሴቶች የረጠበ ዘር በመዳፋቸው ይዘው መደቡ ዳር ቆሙ። ቆሙና ቀሩ።

"ጀምሩ እንጂ" አለ ባዘዘው።

ሴቶቹ ተያዩ።

"አስቴር፣ አንቺ ጀምሪ።"

"እኔ እንኳ ጌታን ነው የማምነው፣ በባይራ አላምንም" አለች አስቴር።

"ጥሩ። ጀምሪያ።"

አስቴር ጎንበስ አለች። አውራ ጣቷን ወደ አፈሩ ሰደደች፣ ከአፈሩ በላይ ቆመባት። ተመልሳ ቀና አለች። "አላምንበትም፤ ግን እናቴ ብትሰማ ትሞታለች። ሌላ ሰው ይጀምር።"

ባዘዘው ተናደደና ራሱ ተንበርክኮ አንድ ረድፍ ዘራ። "ይኸው ተጀመረ" አለ።

ከኋላ አንዷ፣ "አንተ የሰሜን ሰው ነህ፣ አንተ አትቆጠርም" አለችው። ሴቶቹ ተንከተከቱ፤ ማንም ግን አልጎነበሰም። ስለ ኋላ ቀር ልማድ ንግግር አደረገላቸው። ዘሩ በመዳፋቸው ውስጥ እየሞቀ ነበር።

ነገሩን ያስረዳው ዘበኛው ሸዋንዳኝ ነው። ባዘዘው ሰማና፣ "ሂድና ሻሺቱን ጥራት። ለሕዝብ ጥቅም አስተዋጽኦ ታድርግ በላት" አለው።

ሸዋንዳኝ ሻሺቱን ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አገኛትና የተባለውን ነገራት።

"አስተዋጽኦዬን ዳገቱ ላይ ቆፍሬ ጨርሻለሁ በለው" አለችና አንሶላውን መጭመቅ ቀጠለች።

በዘጠኝ ሰዓት ባዘዘው ራሱ መጣ። ጫማው ጭቃ ነክቶታል። "እናቴ፣ ዘሩ እየገማ ነው። አንድ ረድፍ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ ነው።"

"አርጅቻለሁ። ጣቴ አይታዘዝም።"

"ሻሺቱ።"

"አንተ ነህ የጻፍከው።"

ባዘዘው አንገቱን አከከ። "በቀን ሥራ ልቀጥርሽ እችላለሁ። እስከ መስከረም፣ ከዚያም እናያለን። ክፍያው ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ ካልሠራሽበት ቀን አይከፈልሽም።"

"ለጡረታው ይቆጠራል? አንድ ዓመቴን ይሞላልኛል?"

"የቀን ሥራ አይቆጠርም።"

ሻሺቱ ከፊቷ ያለውን የሳሙና ውኃ አየች። በቁጣዋ ውስጥ ሆና አሰበችበት። እምቢ ብትል ዘሩ ይገማል፤ ሴቶቹም የዋሉበትን ያጣሉ። እሺ ብትል ደግሞ ዘጠኙ ዓመት ዘጠኝ ሆኖ ይቀራል፣ እሷም እስክትወድቅ ድረስ በየቀኑ እንደ አዲስ ትጠራለች። ይህን ሁሉ አውቃ ነው የተነሣችው። ሳታውቅ ተታለለች የሚላት ካለ ያጥፋው።

"ዘሪቱም ትጻፍ" አለች።

"ዘሪቱ ታማለች ይላሉ።"

"ተቀምጣ ከረጢት ትሞላለች። ዘሪቱ ካልተጻፈች እኔ የለሁም።"

"ትጻፍ።"

"ከኔ በፊት።"

"ምን ልዩነት አለው?"

"ከኔ በፊት ትጻፍ" አለችው፤ ምክንያቱን አልነገረችውም።

ተክለጻድቅ የቀን ሠራተኛ መክፈያውን ወረቀት ዘርግቶ ጠበቃቸው። ዘሪቱን ከቤቷ አምጥተዋት ነበር፤ የግንድ ጉማጅ ላይ ተቀምጣለች። ስሟን ከላይ ጻፈ፣ የሻሺቱን ከሥሯ።

ሻሺቱ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ስም አለ። ቀን አለ። ፊርማ አለ።

"ዕድሜስ?" አለችው።

"ዕድሜ አያስፈልግም።"

"በሚያዝያ ፀሐይ አቁመህ ስትጠይቀኝ ነበር እኮ። ዛሬ ለምን አያስፈልግም?"

"ለቀን ሠራተኛ ዕድሜ አይጠየቅም፣ እማማ። ሰማንያም ብትሆኚ ከሠራሽ ሠራሽ ነው።"

ሻሺቱ እጇን ለብዕሩ ዘረጋች። ፊርማዋን ታውቃለች፣ ተምራዋለች። ተክለጻድቅ ግን መሸ ብሎ ይቸኩል ነበርና ቀለሙን አስጠጋላት። "አውራ ጣት ይበቃል" አለ።

ሻሺቱ አተመች። ጣቷን ሳትጠርግ ወደ መደቡ ሄደች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፣ እሷ ግን ዘሪቱን ክንዷን ይዛ አስነሣቻትና አጠገቧ አስቆመቻት። ከአንዷ ሴት መዳፍ አንድ ዘር አንስታ በዘሪቱ መዳፍ ውስጥ አኖረችላት።

"አንቺ ጀምሪ።"

"እኔ? ሰው ሁሉ እያየ?"

"ሰው ሁሉ እያየ ነው ታላቅ ያደረጋችሁኝ። ሰው ሁሉ እያየ ታላቅነትሽ ይመለስልሽ።"

ዘሪቱ ተንበረከከች። ደረቷ እያፏጨ በአውራ ጣቷ ቀዳዳ አበጀች፣ ዘሩን ጥላ ደፈነችው። ከኋላ ባዘዘው ሰዓቱን አየ። ሻሺቱ ከዘሪቱ ቀጥላ ተንበረከከችና ቀለም የነካውን አውራ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደችው።